ውኃ የሚጠጣው የሚስ ሎሬታ ቤት

ንጋት፣ ኧርቪንግ

ዛሬ ጠዋት የአንድ ቤት ግድግዳ ልመረምር፣ የሚስቴን የሥራ ልብስ ተሸክሜ ከቤት ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በራችን ሥር ሁለት ጥቁር ቦርሳዎች ይቀመጣሉ። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ በቅናሽ የተገዙ መንትዮች ናቸው። በአንደኛው ውስጥ ቱንቢዬ፣ ውኃ ልኬ፣ ሜትሬና መዶሻዬ አሉ። በሁለተኛው ውስጥ ባለቤቴ እታገኝ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ስትሠራ የምትለብሰው ሰማያዊ ልብስ፣ ነጭ ጫማዋና የፀጉር መረቧ አለ። «መብራት አታበራም ነበር ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እታገኝን ላለመቀስቀስ ብዬ ነው። በሠላሳ አምስት ዓመት ትዳር ውስጥ አንድ ቀን ለሚስቴ አሰብኩ፤ ውጤቱን እንግዲህ ታያላችሁ።

ይህን ሳላውቅ ደረቴን ነፍቼ ደረጃውን ወረድኩ። ደረቴን የምነፋበት ምክንያትም ነበረኝ። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ዲኤፍደብሊው በሚባለው የዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የመኪና ማቆሚያው በር ላይ፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እቀበላለሁ። ዛሬ ግን በድሮ ሙያዬ ተፈልጌአለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ግንበኛና ፎርማን ነበርኩ፤ ከሠራኋቸው ቤቶች እስከ ዛሬ የቆሙም አሉ።

ተስፋዬ ታክሲውን ፓርክ አድርጎ ይጠብቀኛል። የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነው። በሱዳን በኩል በእግሩ የወጣ ጀግና፣ አሁን ግን ከመኪናው ወርዶ ሃያ እርምጃ መሄድ የሚያንገሸግሸው ሰው።

«ጋሽ ሽብሩ፣ እንደምን አደሩ። ዕቃዎን ያዙ?»

«ከነሙሉ ትጥቄ!» አልኩት፣ የሚስቴን ጫማ አቅፌ።

ጠዋት፣ መንገድ ላይ

የምንሄደው ከዳላስ በስተሰሜን፣ ከማኪኒ ወዲያ ነው። እዚያ ሚስ ሎሬታ የሚባሉ አሮጊት የእርሻ ቤታቸውን ከነመሬቱ ሊሸጡ ነው። ሁለት ገዢ ቀርቧል። አንደኛው ቤቱን አፍርሶ፣ እርሻውን ቆራርሶ፣ አንድ ዓይነት ቤቶችን የሚደረድር ተቋራጭ ነው። ሁለተኛው እኛ ነን።

እኛ እስከ ዛሬ የምንቀድሰው በኪራይ አዳራሽ ነው። ቅዳሴው ገና ሳያልቅ ቀጣዮቹ ተከራዮች ፊኛና ኬክ ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። ባለፈው ወር ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሲያሰናብት ከኋላ ፊኛ ፈነዳ። ግማሹ ሕዝብ መሬት ላይ ተኛ። ከጦርነት የወጣ ምእመን ፊኛ አይወድም።

«ሚስ ሎሬታ ለኛ ዋጋውን ዝቅ ያደርጉልናል» አለ ተስፋዬ፣ እየነዳ። «ቤቱ እንዳይፈርስ ነው የሚፈልጉት። ግን ተቋራጩ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ሶ፣ ከዚያ በፊት እርስዎ ‹ይቆማል› ካሉ እንፈርማለን። ‹አይቆምም› ካሉ ደግሞ... ያው በቃ።»

«እኔ እስክመጣ ቆሟል አይደል?»

«ጋሼ፣ በእናትዎ፣ እዚያ ስንደርስ አይቀልዱ።»

«ኦኬ» አልኩ። ይህችን ቃል ስናገር ሁሉም ሰው ይረጋጋል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የዳላስ የመስታወት ፎቆች ፀሐይዋን እርስ በርስ ይቀባበሏታል። ሰሜን የሚወስደው አውራ ጎዳና እንደ ወትሮው ተቆፍሯል፤ እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ሲቆፈር ነው የማውቀው፣ የጠፋባቸው ነገር ሳይኖር አይቀርም። ተስፋዬ ቤንዚን ለመቅዳት ቆመ። ጋሎኑ አንድ ዶላር ከሃያ። ከጎኑ ያለው ሱቅ ትኩስ ዶናት ይሸታል። ፍልሰታ ነውና ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አፍንጫ ግን አይጨፈንም።

ከተማው ቀስ እያለ ሳሳ። የጥጥ እርሻ፣ የበቆሎ አገዳ፣ ከዚያ ድንገት ሁለት መቶ የሚሆኑ አንድ ዓይነት ቤቶች፣ ከዚያ ደግሞ እርሻ። በየመንገዱ ዳር ትልልቅ ሰሌዳዎች ላይ ጥርሳቸው የነጣ ባልና ሚስት ይስቃሉ። ከእግራቸው ሥር «በቅርቡ» ይላል። ምን በቅርቡ? በቃ በቅርቡ።

ረፋድ፣ ሚስ ሎሬታ ደጅ

ጠጠር መንገዱ ሲያልቅ ቤቱ ብቻውን ሜዳ ላይ ቆሟል። ባለ ሁለት ፎቅ፣ ቀይ ሸክላ፣ ቅን ፊት ያለው ቤት ነው። መሀል ላይ በር፣ በግራ ሁለት መስኮት፣ በቀኝ ሁለት መስኮት። ላይኛው ፎቅ ላይ አምስት መስኮት በልኬት ተደርድሯል። በግራ ጫፍ ጭስ ማውጫ፣ በቀኝ ጫፍ ጭስ ማውጫ። ከበሩ በላይ እንደ ግማሽ ብርቱካን የተከፋፈለ መስታወት አለ። ከጣራው ጠርዝ ሥር ትንንሽ የእንጨት ጥርሶች ዙሪያውን ተሰድረዋል፤ አንድም አልወለቀም። በዚህ ቤቱ ይበልጠኛል።

«ጆርጂያን ይሉታል» አለ ተስፋዬ። «ጆርጅ የሚባሉ አራት የእንግሊዝ ነገሥታት ተከታትለው በነገሡበት ዘመን የነበረ አሠራር ነው አሉኝ።»

«አራቱም ጆርጅ? ስም አጥሯቸው ነው?»

«ጋሼ!»

«ኦኬ።»

ሚስ ሎሬታ ከቤቱ ጥግ ብቅ አሉ። ሰማንያ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ባለ ሣር ባርኔጣ። በእጃቸው የውኃ ጎማ ይዘዋል። ጎማው ቀዳዳ ቀዳዳ ተበስቶ ቤቱን እንደ መቀነት ዞሮታል፤ ከየቀዳዳው ውኃ ወደ ግድግዳው ሥር ይንጠባጠባል። አበባ የለም፤ ቲማቲም የለም። ቤቱን ነው የሚያጠጡት።

ሳቄን ዋጥኩ። ግማሹ አመለጠኝ።

«ምንድን ነው የሚያስቀው?» አሉ ሚስ ሎሬታ።

ጎንበስ ብዬ አፈሩን አነሳሁና ሳቄ ጠፋ። ጥቁር ነው። ደርቆ በእጅ ስፋት ተሰነጣጥቋል፤ የረጠበው ደግሞ ጣት ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ይህን አፈር አውቀዋለሁ። መረሬ ነው! ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲጠማ ይሸሻል፣ በላዩ ያለውን ቤት ይዞ ይወዛወዛል። አዲስ አበባ ላይ ስንት አጥር ጥሎብኛል። እኛ መረሬን የምንረግመው ከወደቀ በኋላ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ሳይወድቅ ውኃ ያጠጡታል። ሠላሳ ዓመት ግንበኛ ሆኜ ያልገባኝን አንዲት አሮጊት በጎማ አስተማሩኝ።

«እመቤቴ፣ የሳቅሁት በራሴ ነው» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። የዛሬዋ የመጀመሪያ እውነቴ ያቺ ናት፤ እስከ ማታ ብዙም አልተጨመረባትም።

እኩለ ቀን ሊደርስ ሲል፣ ቤት ውስጥ

ቦርሳዬን በረንዳው ላይ አስቀምጬ፣ እንደ ሐኪም በክብር ከፈትኩት። የእታገኝ የፀጉር መረብ ወጣ።

ተስፋዬ መረቡን አየ። እኔን አየ። ሰማዩን አየ። «ጋሼ... ይኼ መሣሪያ ምን ይለካል?»

ትንሽ ቆይቶ የተስፋዬ ፔጀር ጮኸ። ከሚስ ሎሬታ ወጥ ቤት ስልክ ደወልን፤ እታገኝ ናት፣ ከሥራ ቦታዋ። «ሽብሩ፣ ሽማግሌዎቹን በመዶሻ ነው የማገላብጣቸው?» አለችኝ። ከኋላዋ የሥራ ባልደረቦቿ ሲስቁ ይሰማል። «ደግሞ ጫማዬን እንዳታቆሽሽ» ብላ ዘጋችው። ዘግይታለች፤ የጫማዋን ክር አውጥቼ የተስፋዬን የቁልፍ መያዣ አንጠልጥዬበት ነበር። ቱንቢ ሆነ። ለውኃ ልክ ሚስ ሎሬታ ሰፊ የመስታወት ትሪ አመጡልኝ፤ የሞሉት ግን በጣፋጭ ሻይ ነው።

«ውኃ ይበቃ ነበር» አልኳቸው።

«እዚህ ቤት እንግዳ ውኃ አይሰጠውም፤ ውኃው የቤቱ ነው» አሉ።

በጣፋጭ ሻይ ወለል ለክቼ አላውቅም ነበር። ይሠራል። ዝንብ ማባረር ብቻ ነው ችግሩ።

ሥራዬን ጀመርኩ። በሩ ወደ ሰፊ መተላለፊያ ያስገባል፤ መተላለፊያው ቤቱን ከመሀል ይከፍለዋል፤ ደረጃው ግድግዳውን ተደግፎ ይወጣል። በግራ ትልቅ ክፍል፣ በቀኝ ትልቅ ክፍል፤ መጠናቸው እኩል፣ ምድጃቸው ትይዩ። የግድግዳው ውፍረት ክንዴን ይውጣል። ቤቱን የሠሩት የሚስ ሎሬታ ባል አያት ናቸው አሉ። ከቨርጂኒያ በልጅነታቸው መጥተው፣ የእናታቸውን ቤት በልባቸው ይዘው፣ በዚህ ዛፍ በሌለው ሜዳ ላይ ያንኑ ደግመው አቆሙት።

ፎቅ ወጣሁ። ከውጭ አምስት መስኮት ቆጥሬ ነበር፤ ከውስጥ አራት ሆነብኝ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አራት። ወርጄ ከደጅ ቆጠርኩ፤ አምስት። ወጣሁ፤ አራት። በሦስተኛው ምልልስ እታገኝ «መርሳት ጀምረሃል» የምትለኝ ትዝ አለኝና ላብ አጠመቀኝ። ሚስ ሎሬታ ደረጃው ሥር ቆመው ሲስቁ ነበር።

«አንደኛው ውሸት ነው» አሉ። «ከኋላው ቁም ሣጥን ነው ያለው። መዝጊያው በምስማር ተመትቷል፤ ተከፍቶ አያውቅም። የዚህ ዓይነት ቤት ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ያፍራል።»

ቤት ሲያፍር ገባኝ። እኔም ለፎቶ የማስገባት አራት ጥርስ አለኝ።

ከሰዓት በፊት ምሳ ቀረበ፤ በቅቤ የራሰ ቂጣና ቋሊማ። ተስፋዬ ጾም መሆኑን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም እንደማንቀምስ አስረዳ። ሚስ ሎሬታ ሁለታችንን ከራስ እስከ እግር አዩንና «ለዚህ ነው ሻዩን ወለል ላይ ያስቀመጥከው?» አሉኝ። ከዚያ ቂጣውን አንስተው አምስት የበሰለ ቲማቲም በጨው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጠብቃችኋል።»

ከሰዓት፣ ምሥራቁ ክፍል

አሁን የሁላችንም ልብ የዘለለበትን ልንገራችሁ። መተላለፊያው መሀል ቆሜ ሳስብ፣ ቤቱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የተጋደመው። ምዕራቡ ክፍል፣ መሀሉ፣ ምሥራቁ ክፍል። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ! በሁለቱ ግድግዳዎች ላይ ሰፋ ያለ በር ብንከፍት ሦስቱም ይገናኛሉ። ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ፤ ግራና ቀኙ ደግሞ አንድም ጣት አይበላለጥ። አራቱ ጆርጆች ሳያውቁት ለኛ ሠርተውልናል።

«ተስፋዬ! ጥምጣም ብቻ ነው የጎደለው።»

«ወለሉስ? ከበሮና ሽብሸባ ይችላል?»

ይህ የሚታወቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ጫማችንን አወለቅን፣ እጃችንን ዘርግተን ምዕራቡ ክፍል ውስጥ ሸበሸብን። መጀመሪያ ቀስ ብለን፣ ከዚያ ሞቅ አድርገን፤ ተስፋዬ በአፉ ከበሮ ይመታል፣ እኔ ጉልበቴ ይመታል። የሚስ ሎሬታ የሸክላ ሳህኖች ቁም ሣጥኑ ውስጥ አብረውን አጨበጨቡ። ወለሉ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ከሥሩ የተጋደሙት ወራጅ እንጨቶች የዛፍ ግንድ ያህላሉ።

ሚስ ሎሬታ በር ላይ ቆመው አዩን። «የተቋራጩ መሐንዲስ የመጣ ጊዜ እንዲህ አላደረገም» አሉ።

ከዚያ ወደ ምሥራቁ ክፍል ገባን። መቅደስ ወደሚሆነው። ከምድጃው ጎን ከወለል እስከ ጣራ የወጣ ስንጥቅ አለ። ጣቴን ከተትኩበት። የጫማውን ክር አንጠልጥዬ አየሁ፤ ግድግዳው ወደ ውጭ ሁለት ጣት ያህል ዘንበል ብሏል። ያረጀ ስንጥቅ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ሸረሪት ቤት ይቀልስበታል። ይኼኛው ጠርዙ ስል ነው፣ ቀለሙ ንጹሕ ነው። ሁለት በጋ ቢሆነው ነው።

ሚስ ሎሬታ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ።

«ባሌ ኧርል በጋ ሲመጣ አንድ ቀን ሳያስተጓጉል ቤቱን ያጠጣ ነበር» አሉ። «ታሞ ሁለት በጋ ተኛ። እሱን ሳጠጣ ቤቱን ረሳሁ። ከሞተ በኋላ ነው ጎማውን ያነሳሁት። እውነቱን ንገረኝ፤ ይኼን ያደረግሁት እኔ ነኝ?»

አዎ፣ እርስዎ ነዎት። መልሱ ይኼ ነበር። ግንበኛ ስንጥቅ አይዋሽም። እኔ ግን ግንበኛ ብቻ አይደለሁም፤ ይሉኝታ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ባሏ የሞተባትን ሴት ዓይን እያየሁ «ቤትሽን አንቺ ነሽ ያፈረስሽው» የሚል አንደበት አልተሰጠኝም። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ከግድግዳው ስድስት እርምጃ ላይ አንድ ትልቅ የፒካን ዛፍ፣ ያልበሰለ ፍሬውን ተሸክሞ ቆሟል።

«እርስዎ አይደሉም!» አልኩ፣ በሙሉ ድምፅ። «ዛፉ ነው። ሥሩ ውኃውን ይመጠዋል። ከግድግዳ አጠገብ ዛፍ የሚተክል ምን ዓይነት ቂል ነው?»

ሚስ ሎሬታ ወደ ዛፉ አዩ።

«ኧርል ነው የተከለው» አሉ። «የተጋባን ዓመት።»

ተስፋዬ እግሬን ረገጠኝ። ባዶ እግሬን ነበርኩ።

ስምንት ሰዓት ተኩል፣ በረንዳው ላይ

ሚስ ሎሬታ ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ። «እንግዲያው ዛፉ ይቆረጣል» አሉ። «ኧርል ቢሆን ቤቱን ነበር የሚመርጠው። የእህቴ ልጅ መጋዝ አለው፤ ልጥራው።» ወደ ወጥ ቤት፣ ወደ ስልኩ ገቡ።

ተስፋዬ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ሥሩ ነው እውነት?»

«ዛፉ ስንት ዓመቱ ነው? የተጋቡ ዓመት የተተከለ! ያን ሁሉ ዘመን ግድግዳው ደህና ነበር። ሁለት በጋ ሲደርቅ ነው የተሰነጠቀው። ዛፉ ምንም አላደረገም።»

«ታዲያ ለምን እንዲያ አሉ?»

«አዘንኩላቸው።»

«እና አሁን ሄደው ይንገሯቸዋ!»

«ምን ብዬ? ‹ዋሽቼ ነበር› ብዬ? ቤተ ክርስቲያን ነን ብለን መጥተን? ከዚያ በኋላ ስለ ወለሉ የተናገርኩትን ማን ያምነኛል?»

ተስፋዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ከነገሯቸው ቤቱን እናጣለን። ካልነገሯቸው ዛፉ ይሄዳል። ኦ ማይ ጋድ፣ ጋሼ፣ ሜትር ይዘው ቢመጡ ኖሮ ይኼ ሁሉ አይደርስም ነበር።» ይህ እንኳ ከሜትሩ ጋር አይገናኝም፤ የተናደደ ሰው ግን ነገር ያገናኛል።

በወጥ ቤቱ መስኮት ድምፃቸው ይሰማል፤ «አዎ፣ ዛሬውኑ፣ ትልቁን መጋዝ አምጣው።» ዛፉን አየሁት። አንድ ወፍ ጎጆውን እየጠገነ ነው፤ የእኔ ቢጤ፣ መሣሪያ የሌለው።

ገባሁ። ስልኩን ገና አልዘጉም።

«እመቤቴ» አልኩ፣ «የእህትዎ ልጅ ይቅር። ዋሽቼ ነው። ዛፉ አይደለም። ቤቱ ሁለት በጋ ስለተጠማ ነው። ቂል ያልኩትም ሰው ቂል አይደለም።»

ሚስ ሎሬታ ስልኩን ዘጉ። ፊታቸው እንደ ውሸት መስኮታቸው ሆነ፤ ከኋላው ምን እንዳለ አይታይም። «ውጣልኝ» አሉ። ወጣሁ። በሩን ከኋላዬ ዘጉት።

ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። ቲማቲሞቹ ውስጥ ናቸው፤ እኛ ውጭ። ተስፋዬ ታክሲው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዘጋብኝ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ክሩን ወደ እታገኝ ጫማ እመልሳለሁ። ክር እንኳ ቀዳዳውን እምቢ አለኝ።

አሥር ሰዓት፣ ደጁ ላይ

ተቋራጩ በነጭ ፒክአፕ መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማው ላይ አቧራ የለም። ወረቀቱን በማኅደር ይዞ በሩን አንኳኳ። ሚስ ሎሬታ ወጡ። ፀጉራቸውን አበጥረዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ከመፈረሜ በፊት አንድ ጥያቄ» አሉት። «ምሥራቁ ግድግዳዬ ለምን ተሰነጠቀ?»

ልጁ ፈገግ አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ጨዋ ነው። «እማማ፣ ምን ለውጥ ያመጣል? ሰኞ ይፈርሳል።»

ሚስ ሎሬታ ማኅደሩን አዩት። ከዚያ ደረጃው ላይ የተቀመጥኩትን እኔን አዩኝ፤ አንድ ነጭ የሴት ጫማ ጭኔ ላይ አለ።

«ለኔ ለውጥ ያመጣል» አሉት። «ደህና ሁን፣ ልጄ።»

ፒክአፑ አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ተስፋዬ ከታክሲው ወርዶ ሃያውን እርምጃ በሩጫ መጣ፤ ይህን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

«አንተ» አሉኝ ሚስ ሎሬታ። «አሁን ሳትዋሽ። ይቆማል?»

«ከጠጣ ይቆማል። ስንጥቁ ላይ ወረቀት በሊጥ እለጥፋለሁ፣ ቀኑን እጽፍበታለሁ። ወረቀቱ ከተቀደደ ግድግዳው እየሄደ ነው። ካልተቀደደ ቆሟል፤ ያኔ እደፍነዋለሁ። በነፃ፤ በዚህ ዕድሜዬ ቱንቢ ረስቼ የመጣሁ ሰው ገንዘብ አልጠይቅም።»

ለጠፍኩ። ዱቄቱ የሳቸው፣ ወረቀቱ የተስፋዬ የታክሲ ደረሰኝ ጀርባ። ሚስ ሎሬታ ኮሚቴው የላከውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ፈረሙ። ከፊርማቸው በላይ በእጃቸው አንድ መስመር ጨመሩ፤ ገዢዎቹ በየበጋው ቤቱን ያጠጣሉ፤ ዛፉንም አይነኩም። ተስፋዬ ለኮሚቴው ፈረመ። ከቲማቲሙ ሁለት ሁለት በላን፤ አምስተኛውን እሳቸው።

«የተናገርኩትን ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው ስንሰናበት። «ስለ ባለቤትዎ።»

«እኔን አይደለም ቂል ያልከኝ» አሉ። «እሱን ንገረው። ከጠጠር መንገዱ ማዶ፣ ነጩ አጥር ውስጥ ነው የተኛው። ሁለተኛው ረድፍ።»

ማታ፣ ወደ ኧርቪንግ

እሄዳለሁ ብዬ ምዬ ነበር። ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመስታወት ሳጥኔ ይጠብቀኛል፤ ተስፋዬም «ጋሼ፣ ትራፊኩ!» እያለ መሪውን ይደበድባል። ነጩ አጥር በመስኮቴ በኩል በአንድ ቅጽበት አለፈ። እጄን አነሳሁለት፤ መኪና ውስጥ ሆኖ በሰባ ማይል ፍጥነት የሚጠየቅ ይቅርታ ግን ይቅርታ አይባልም።

በአገሬ ደንብ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ነው ደጅ የሚጠናው። እዚያ ሜዳ ላይ ድንጋይ የለም፤ መረሬ ብቻ ነው። ሸክላ መያዝ ይኖርብኛል፤ ያም ከኔ ዕድሜና ወገብ ጋር ሲደመር ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ቅዳሜ ፈረቃ አለኝ። እሑድ ቅዳሴ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ጉልበቴ ከሽብሸባው ገና አያገግምም። እና እነሆ፣ ይህን እስክጽፍ ድረስ፣ አንድም ቀን ላላየሁት፣ ዛፍ ከመትከል በቀር ምንም ላላደረገኝ ለኧርል፣ አንድ ሸክላ የምሸከምበት ይቅርታ አለብኝ።